ለቮልስ አሉሚኒየም ፍላይዊል ግዙ ላለው ጽሑፍ ምላሽ፣ ቸርችል ዳገት ላይ ሞተር ጠፍቶበት ከሚያውቅ ሰው

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ ስለ ቮልስ ሞተር ቅየራ የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ ላከልኝና «አንተ የምትለውን ሁሉ አፈር አስግጦታል» አለኝ። ቁጭ ብዬ ሁለቴ አነበብኩት። ጸሐፊው የሚለው ባጭሩ ይሄ ነው፦ የድሮ ቮልስህን 1200 ወይም 1300 ሞተር አውጥተህ 1600 ካስገባህ ፋብሪካው የሰራውን የብረት ፍላይዊል (ከሞተሩ ዘንግ ጫፍ ጋር ታስሮ የሚሽከረከረውን ከባድ ክብ) መልሶ ማሰር ሞኝነት ነው፣ አሉሚኒየሙን ግዛ፣ 10 የፈረስ ጉልበት ይጨምርልሃል፣ ክብደቱ ግማሽ ስለሆነ የሞተሩም ድካም በግማሽ ይቀንሳል፣ ሲነሳ እንደ ወፍ ነው፣ ስራው ፈትቶ ማሰር ብቻ ነው፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ እድሜ ልክ ያገለግላል፣ የብረቱ ግን አንድ ቀን ፈንድቶ እግርህን ይቆርጥሃል፣ ቶርኖ ቤት ወስዶ ክብደቱን ማስቀነስ ደሞ ጭራሽ ራስን ማጥፋት ነው።

ልጁ መኪና ይወዳል፣ ያ ያስታውቃል፣ አጻጻፉም ደስ ይላል፣ ግን ይሄን አንብቦ ስንቱ ወጣት ዶላር ሊያፈላልግ እንደሚሮጥ ሳስበው ዝም ማለት አልሆንልህ አለኝ። እኔ ራሴ ያንኑ ነገር ገዝቼ፣ ገጥሜ፣ ነድቼ፣ በመጨረሻ ያወጣሁ ሰው ነኝ።

መኪናዬን ላስተዋውቃችሁ። በፈረንጆቹ 1965 የተሰራች ቮልስ ናት፣ ስትወለድ ባለ 6 ቮልት፣ 1192 ሲሲ፣ 34 የፈረስ ጉልበት። አሁን ሆዷ ውስጥ ያለው 1584 ሲሲው ባለ ሁለት መግቢያ 1600 ነው፣ ፋብሪካው 50 የፈረስ ጉልበት የሚለው። ሞተሩን ስንቀይር የአጎቴ ልጅ ከሜሪላንድ ሲመጣ አሉሚኒየም ፍላይዊል በሻንጣው ይዞልኝ መጣ፣ ኤርፖርት ላይ «ይሄ ምንድነው» ሲሉት «የቮልስ እቃ ነው» ብሎ ሁለት የጉምሩክ ሰዎች እየሳቁ አሳለፉት። በሚዛን 4.5 ኪሎ ነበር። የድሮው የብረቱ 8 ኪሎ ገደማ ነው። በእጃችሁ ስታነሱት ልዩነቱ ያስደነግጣል፣ እኔም እዛው ነው የተሸወድኩት፣ እጅ ላይ የቀለለ ነገር መንገድ ላይም የሚቀል ይመስላል።

ከ10 የፈረስ ጉልበቱ እንጀምር። ፍላይዊል ጉልበት አያመርትም። ጉልበት የሚመረተው ቤንዚንና አየር ሲቃጠል ነው፣ ፍላይዊል የሚሰራው የተመረተውን እያጠራቀመና እየሰጠ ሞተሩን ማለስለስ ነው፣ እንደ እቁብ ሰብሳቢ በሉት፣ የራሱ ገንዘብ የለውም። ታዲያ 10 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? ከአየር ላይ አይደለም፣ አንዳንዱ የጉልበት መለኪያ ማሽን የሚሰራው ትልቅ ከበሮ በማሽከርከር ስለሆነ ሞተሩ ፍጥነት ሲጨምር ብቻ ነው የሚለካው፣ ፍላይዊሉ ሲቀል ራሱን ለማፍጠን የሚበላው ጉልበት ስለሚያንስ ወደ ጎማ የሚደርሰው ይጨምራል፣ ወረቀቱ ላይም «ጨመረ» ተብሎ ይወጣል። ግን በቋሚ ፍጥነት ስትነዳ ልዩነቱ ዜሮ ነው። ስትፈጥንስ? ሂሳቡን ሰራሁት፦ የኔን ሁለት ፍላይዊሎች በግምት ሳሰላ የኢነርሺያ (ዙሩ እንዳይለወጥ የመቃወም አቅም) ልዩነታቸው 0.03 ኪሎግራም ሲባዛ ሜትር ስኩዌር አካባቢ ነው፣ በአንደኛ ማርሽ በደቂቃ ከ2,000 ወደ 4,000 ዙር በ2 ሰከንድ ብትወጣ በመሃሉ ላይ የምታተርፈው 1 ኪሎዋት፣ ማለትም 1.3 የፈረስ ጉልበት ነው። በሦስተኛና በአራተኛ ከዛም ያንሳል። ይቺ ናት እንግዲህ አስሯ።

ከዚህ ጋር የማይረሳ ነገር አለ፣ ጽሑፉ አንዴም አላነሳውም። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደሞ በሳሳው ልክ ጉልበቱን ይጥላል፣ ስለዚህ ያ 50 የተባለው ሞተር እዚህ ስንነዳው ወደ 40 የሚጠጋ ነው። ጉልበት ማግኘት የፈለገ ሰው ካርቡራተሩን ለዚህ ከፍታ ያስተካክል፣ ታይሚንጉን (ሻማው እሳት የሚሰጥበትን ሰዓት) ያስይዝ፣ የቫልቭ ክፍተቱን 0.15 ሚሊ ላይ ያድርግ። ይሄ ሁሉ ነጻ ነው ማለት ይቻላል።

«ክብደቱ ግማሽ ስለሆነ ድካሙም ግማሽ ነው» የሚለው ላይ ደሞ ነገሩ እንዲህ ነው። የሚዞር ነገር ላይ ዋናው ኪሎው ሳይሆን ኪሎው የት ተቀምጧል የሚለው ነው። መሃል አካባቢ ያለ ኪሎ ብዙም አይሰማም፣ ጠርዝ ላይ ያለ ኪሎ ግን ርቀቱ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚቆጠረው። አሉሚኒየሙ ፍላይዊል ደሞ ሙሉ በሙሉ አሉሚኒየም አይደለም፣ ሊሆንም አይችልም፣ ሞተሪኖው (ሞተር አስነሺው) የሚነክሰው ጥርስ ብረት መሆን አለበት፣ የፍሪሲዮን ዲስኩ የሚያርፍበትም ገጽ ብረት መሆን አለበት፣ አሉሚኒየም ላይ ዲስክ ብታሳርፍ በሳምንት ይበላዋል። ታዲያ ብረቱ የት ቀረ? ጥርሱ ጠርዙ ላይ፣ ገጹም ከመሃል ራቅ ብሎ። የተነሳው ክብደት በአማካይ ከጠርዙ ይልቅ ወደ መሃል ቀረብ ያለው ነው። ለዛ ነው በሚዛን 44 በመቶ የቀለለው የኔ ፍላይዊል በኢነርሺያ ሲሰላ 40 በመቶም ያልሞላው።

ይሄ ልዩነት መኪናው ላይ ምን ያህል ይሰማል ካላችሁ በማርሽ ይለያያል። በአንደኛ ማርሽ፣ ቮልስ ላይ የአንደኛው የማርሽ ምጥጥን 3.8 ነው፣ ዲፈረንሻሉን 4.125 አድርጌ ሳሰላው ከመኪናዋ ላይ 77 ኪሎ የሚመዝን ሰው እንዳወረድክ ይሆናል። በአራተኛ ማርሽ ግን 4 ኪሎ። አራት! ግማሽ ከረጢት ሽንኩርት አይሞላም። እና ደብረዘይት መንገድ ላይ በአራተኛ ስትሄድ ያ ሁሉ ወጪ ምንም አያደርግልህም።

«እሺ፣ በአንደኛ 77 ኪሎ ከቀነሰ ጥሩ አይደል?» የሚል ይኖራል። ጸሐፊው ሲነሳ እንደ ወፍ ነው ያለውም ለዛ ይመስለኛል። አዎ፣ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ከያዘ በኋላ። ችግሩ ከዛ በፊት ያለችው አንድ ሰከንድ ላይ ነው።

ቸርችል ጎዳናን ከታች ወደ ማዘጋጃ ቤት ስትወጡ አስቡት፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል፣ ሰልፍ፣ ከፊት አንድ ሲኖትራክ፣ ከኋላ ሚኒባስ አፍንጫው የኔን ፓራውልት ሊስም ሦስት ጣት ቀርቶታል። የእጅ ፍሬን ያዝኩ፣ ማርሽ አንደኛ፣ እንደ ድሮው ትንሽ ቤንዚን ሰጥቼ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ሳደርግ ጸጥ። ሞተሩ ጠፋ። መልሼ አስነሳሁ፣ ጠፋ። ሦስተኛው ላይ ጆሮ እስኪያደነቁር ረግጬ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ላይ ይዤ እያንሸራተትኩ ወጣሁ፣ የተቃጠለ ዲስክ ሽታ መኪናዋን ሞላት። ወያላው በመስኮት ተንጠልጥሎ «ፋዘር፣ ልግፋልህ?» አለኝ። እኔ ያኔ 38 ዓመቴ ነበር።

ለምን እንደሆነ ቤት ገብቼ አሰላሁት። ቆማችሁ በ1,500 ዙር ፍሪሲዮን ስትለቁ መኪናዋን የሚያስነሳት የሞተሩ ግፊት ብቻ አይደለም፣ ፍላይዊሉ ውስጥ የተጠራቀመው ጉልበትም ነው። የብረቱ በ1,500 ዙር ላይ ወደ 940 ጁል ይይዛል፣ የአሉሚኒየሙ 570 አካባቢ። 940 ጁል ማለት ሁለት ሰው የጫነች ቮልስን፣ 960 ኪሎ ብንላት፣ ከመሬት 10 ሳንቲም የሚያነሳ ጉልበት ነው፣ ወይም ከመቶ 10 ከፍ በሚል ዳገት ላይ አንድ ሜትር የሚገፋ። የአሉሚኒየሙ ከ60 ሳንቲም አያልፍም። ያው ይሄ በሐሳብ ደረጃ ነው፣ ከፊሉ ዲስኩ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፣ ግን ያቺ የጎደለችው 40 ሳንቲም ናት መኪናን የምታስነሳው ወይም የምታጠፋው። ሜዳ አገር የሚኖር ሰው ይሄ ጨርሶ ላይሰማው ይችላል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚመላለስ ሰው ግን በቀን አስር ጊዜ ይሰማዋል።

መፍትሔው ያው ብዙ ቤንዚን ሰጥቶ ፍሪሲዮን ማንሸራተት ነው፣ ሰው ይለምደዋል፣ እኔም በሁለት ሳምንት ለመድኩት። ግን ማንሸራተት ሙቀት ነው። አሉሚኒየም ሙቀት ቶሎ ያስተላልፋል፣ ከብረት ከሦስት እጥፍ በላይ፣ ጸሐፊው ይሄን እንደ ጥቅም ጠቅሶታል፣ ውሸትም አይደለም። የረሳው ነገር ዲስኩ የሚያርፈው አሉሚኒየሙ ላይ ሳይሆን በብሎን የታሰረችው ስስ የብረት ገጽ ላይ መሆኑን ነው። ሙቀቱ መጀመሪያ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። አሉሚኒየም ደሞ ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ገደማ ይለጠጣል፣ ሁለቱ በአንድ ላይ ታስረው እኩል አይዘረጉም፣ ገጹ ትንሽ ከተጣመመ ፍሪሲዮኑ ሲይዝ መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች። የኔዋ በአምስተኛው ወር ጀመራት፣ በተለይ ጠዋት ጠዋት፣ ከበር ስወጣ የጎረቤት ልጆች «ቮልሷ በረዳት» ይሉ ነበር። እድሜ ልክ ያገለግላል የተባለው እንግዲህ ይሄ ነው፣ ገጹ ይቀየራል፣ እሺ፣ ግን መቀየሪያውን መርካቶ ሂዱና ጠይቁ።

አሁን «ፈትቶ ማሰር ብቻ» ወደሚለው ልምጣ፣ ከሁሉም ያናደደኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ቮልስን ቮልስ የሚያደርገው ነገር እዚህ ጋ ነው ያለው። በሌላ መኪና ፍላይዊል ስድስት ወይም ስምንት ብሎን ፈታህ፣ አሰርክ፣ ጨረስክ። ቮልስ ላይ አንድ ትልቅ ብሎን ብቻ ነው ያለው፣ መሃሉ ላይ የካምቢዮውን ዘንግ ጫፍ የሚይዝ ኩሺኔታ ያለበት፣ እና አራት 8 ሚሊ ፒኖች። ያንን አንድ ብሎን በ36 ቁልፍ 30 ኪሎ ሜትር ታጠብቀዋለህ፣ የመንገድ ኪሎ ሜትር አይደለም ደሞ፣ ቁልፉ ላይ አንድ ሜትር ተኩል ቱቦ ሰክተህ ጫፉ ላይ 20 ኪሎ ትጫናለህ ማለት ነው። ይሄን ያላደረገ ሰው ፒኖቹ ቀዳዳቸውን እያሰፉ ሄደው አንድ ቀን ፍላይዊሉ ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት የሞተሩ ዋና ዘንግ) ላይ እንደ ላላ ጥርስ ይወዛወዛል። ቀዳዳው አሉሚኒየም ላይ ከሆነ ደሞ የሚሰፋው በፍጥነት ነው፣ ስለዚህ የምትገዙት መሃሉ ላይ የብረት እምብርት ከሌለው በነጻ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ።

ይሄ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ቮልስ ላይ የክራንክ ሻፍቱን የፊትና የኋላ ጨዋታ የሚወስነው ፍላይዊሉ ነው። በፍላይዊሉና ክራንክ ሻፍቱ በሚያርፍበት በዋናው ባንኮ መሃል ሦስት ስስ ቀለበቶች ይገባሉ፣ ከ0.24 እስከ 0.38 ሚሊ ውፍረት አላቸው፣ ጨዋታው ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ መሆን አለበት። ፍላይዊል በተቀየረ ቁጥር ይሄ እንደ አዲስ ይለካል። አሰራሩ እንዲህ ነው፦ ዘይት እንዳያፈስ የሚይዙትን ኦይል ሲሉንና ኦ ሪንጉን ሳታስገባ፣ ሁለት ቀለበት ብቻ አድርገህ ፍላይዊሉን ታስራለህ፣ ዳያል ጌጅ (የሚሊ ክፍልፋይ የሚለካ ሰዓት መሰል መለኪያ) ትተክላለህ፣ ክራንክ ሻፍቱን ወደ ፊት ወደ ኋላ ትገፋለህ፣ 0.42 ካነበብክ 0.10 ትቀንስና 0.32 ያለችውን ሦስተኛ ቀለበት ትመርጣለህ። ሁለት ቀጭን ደርቦ አራት ማድረግ የለም፣ ሦስት ናቸው። ከዛ መልሰህ ፈትተህ ሲሉን አስገብተህ እንደገና ታስራለህ። ያንን ያህል ጥብቅ የሆነ ብሎን ሁለቴ። ያለ ልክ ብታስረው ወይ ጨዋታው ጠፍቶ ባንኮው ይቃጠላል፣ ወይ ሰፍቶ ፍሪሲዮን በረገጥክ ቁጥር ክራንክ ሻፍቱ እየሄደ እየመጣ የሞተሩን ገላ ይበላዋል፣ የቮልስ ሞተር ገላ ደሞ ማግኒዚየም ቅይጥ ነው፣ በሰማይ ዋጋ ነው የሚገኘው። ጸሐፊው ስለዚህ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። አንዲት።

ኦይል ሲሉም የሚያርፈው ፍላይዊሉ አንገት ላይ ነው። አንገቱ ከአሉሚኒየም ከሆነ የሲሉ ከንፈር ጭረት ያወጣበታል፣ የኛ አቧራ ሲጨመርበት ደሞ ለከት የለውም፣ ከዛ ዘይት ወደ ፍሪሲዮን ይመጣል። የኔው አንገቱ ብረት ስለነበር ከዚህ ተርፌያለሁ፣ ሳልጠይቅ ነው የተረፍኩት።

ሞተር ለሚቀይር ሰው ሌላም ወጥመድ አለ። የድሮዎቹ ባለ 6 ቮልት ቮልሶች ፍላይዊል 109 ጥርስ ነው፣ ዲስኩ 180 ሚሊ። ባለ 12 ቮልቶቹ፣ በፈረንጆቹ ከ1967 ገደማ ወዲህ ያሉት፣ 130 ጥርስ ናቸው፣ ዲስኩ 200 ሚሊ። 1600 ሞተር ከነፍላይዊሉ አምጥተህ 1965 ካምቢዮ ላይ ስታስገባው ጥርሱ የካምቢዮውን ገላ ይነካል፣ ገላውን በግራይንደር መብላት አለብህ፣ የሞተሪኖውም ቡሽ ልኩ ይለያል። አሉሚኒየሙም ስትገዛው 130 ጥርስ ስለሆነ ከዚህ አያድንህም። እኔ ግራይንደር ይዤ ካምቢዮዬ ስር ተኝቼ ሦስት ሰዓት ፈጅቻለሁ፣ አይኔ ውስጥ የገባውን ሳልቆጥር። ከ1971 ወዲህ ያሉት ካምቢዮዎች ደሞ የፍሪሲዮን መግፊያ ኩሺኔታቸው በመሪ ቱቦ ላይ ነው የሚሄደው፣ ዲስኩን ፍላይዊሉ ላይ የሚጫነው ፕሬሸር ፕሌቱም በዛው ይለያል፣ የድሮውን ከአዲሱ ደባልቀህ ከገጠምክ ፍሪሲዮኑ ወይ አይለቅም ወይ ኩሺኔታው ይበላል። መጀመሪያ ካምቢዮህ የስንት ዓመት ነው፣ ጥርስህ ስንት ነው፣ ከዛ በኋላ ነው ስለ አሉሚኒየም የሚወራው።

ባላንስ ላይ ጸሐፊው አዲስ እቃ ባላንሱ ተሰርቶ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ አያሳስብም ይላል። ለቮልስ ብዙም አይጎዳም፣ የቮልስ ፍላይዊል ለብቻው ዜሮ ተደርጎ ነው የሚስተካከለው። ይሄንን ምክር ወስዶ ሌላ መኪና ላይ የሚሰራ ሰው ግን ጉድ ይሆናል። ቨርጂኒያ ያለ ወዳጄ ሙስታንግ ላይ 302 ሞተር ሲቀይር የደረሰበትን ልንገራችሁ፣ የፎርድ 302 ከፍላይዊሉ ጋር ሆን ተብሎ አንድ ወገን ከብዶ ነው የሚሰራው፣ የድሮዎቹ 28 አውንስ ኢንች፣ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ያሉት 50። ወዳጄ 50 ለሚፈልግ ሞተር የ28 ፍላይዊል አሰረበት፣ መኪናው እንደ ወፍጮ ቤት ተንቀጠቀጠ። ፍላይዊሉ አዲስ ነበር፣ ባላንሱም ተሰርቶለት ነበር፣ ለሌላ ሞተር።

ነዳጅ ይቆጥባል ለሚለው ብዙ አልደክምም። በአንድ ጊዜ ከ1,000 ወደ 4,000 ዙር ስትወጣ የአሉሚኒየሙ የሚያተርፍልህ 2,500 ጁል ገደማ ነው። ከአንድ ሊትር ቤንዚን ሞተር ወደ ስራ የሚለውጠው በደህና ቀን 8 ሚሊዮን ጁል ብንል፣ አንድ ሊትር ለማትረፍ ከ3,000 ጊዜ በላይ እንደዛ መፍጠን አለብህ። ዳገት ላይ ፍሪሲዮን ስታንሸራትት የምታቃጥለውን አልቆጠርኩም።

ፍንዳታውን በተመለከተ ግማሽ እውነት አለው፣ ግማሽ እውነት ደሞ ከሙሉ ውሸት ይብሳል። ፍላይዊል ይፈነዳል፣ አዎ፣ ብዙ መኪኖች ላይ ፋብሪካው የሚያስረው ከካስት ብረት (ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ከፈሰሰ ብረት) የተሰራ ነው፣ ካስት ብረት ሲጨመቅ ጎበዝ ነው፣ ሲሳብ ግን ይሰነጠቃል፣ በ8,000 ዙር ሲሽከረከር እየተሳበ ነው። ለዛ ነው አሜሪካ የድራግ ውድድር ላይ ኤስ ኤፍ አይ 1.1 የሚባል ማረጋገጫ ያለው ፍላይዊል የሚጠይቁት፣ ሰው እግሩን ስላጣ ነው። የቮልስ ፍላይዊል ግን ካስት አይደለም፣ የተቀጠቀጠ ብረት ነው። ደሞ 1600ው ከፍተኛ ጉልበቱን የሚሰጠው በ4,000 ዙር ነው፣ 5,000 አካባቢ ሲደርስ ቫልቮቹ ራሳቸው በቃን ይላሉ። እዛ ፍጥነት ላይ ጤነኛ የቮልስ ፍላይዊል ይፈነዳል ብሎ ማስፈራራት ልጅን በአያ ጅቦ እንደማስተኛት ነው።

ቶርኖ ቤት ማስቀነስም በዚሁ ነው የሚታየው። ካስት ብረት ከሆነ ጸሐፊው ልክ ነው፣ አትንኩት፣ አንዳንዱማ እንደ ወንፊት ይበሳዋል፣ የኮሮላ ሞተር ላይ እንደዛ የተደረገ አይቼ አጠገቡ መቆም ፈርቻለሁ። የተቀጠቀጠ የቮልስ ፍላይዊልን ግን ከጀርባው በኩል፣ ከጠርዙ አካባቢ፣ ዲስኩ የሚያርፍበትንና የሲሉን አንገት ሳይነኩ ማስቀነስ በዓለም ላይ ያሉ የቮልስ ሰዎች ለአስርተ ዓመታት ሲያደርጉት የኖሩት ነገር ነው። ከጠርዙ 2 ኪሎ ብታስነሳ ከ8 ወደ 6 ይወርዳል፣ ኢነርሺያው ግን የአሉሚኒየሙ ደጃፍ ላይ ይደርሳል፣ ምክንያቱም የተነሳው ከጠርዝ ነው። በአንድ የቶርኖ ሂሳብ! ቀለል ያለ ፈልጌ ነው የምትል ከሆነ መንገዱ ይሄ ነው።

እኔ 2 ኪሎም አላስነሳሁም። የቶርኖው ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «ስንት ላንሳልህ?» ሲሉኝ ቸርችል ትዝ አለኝና «አንድ ኪሎ ይበቃል» አልኳቸው። እሳቸውም «ቮላኖ (ፍላይዊል) ሲከብድ ነው መኪና ትዕግስት የሚኖረው» ብለው ስራቸውን ጀመሩ። ከዛ ፍላይዊሉንና ፕሬሸር ፕሌቱን አንድ ላይ ባላንስ አስደረግኩ። አሁን 7 ኪሎ ነው፣ ሚኒሞው (ቤንዚን ሳይረገጥ የሚሄድበት ዙር) 850 ላይ ይቆማል፣ በአሉሚኒየሙ ጊዜ 1,000 ካላደረግኩት እየተንተባተበ ይጠፋብኝ ነበር።

ሚኒሞውን ካነሳሁ አይቀር፣ የቮልስ ፋብሪካ ክራንክ ሻፍት ማመዛዘኛ ክብደት የሌለው ባዶ ክራንክ ነው። ከባዱ ፍላይዊል የዛን ጉድለት በከፊል ይሸፍናል። አሉሚኒየም ገጥሞ ከፍ ባለ ዙር መንዳት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ክራንክ ሻፍቱን ክብደት ባለው መቀየር ነበረበት፣ ጽሑፉ ላይ ግን ፍላይዊሉ ብቻውን ተአምር ሰሪ ሆኖ ነው የቀረበው።

የልጁ እውነት የሆነው ነገር ሊቀበርበት አይገባም። አሉሚኒየሙ ያለው ሞተር ቤንዚን ስትነካው ወዲያው ይሰማሃል፣ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ስትመልስ ዙሩ ቶሎ ይገናኛል፣ ማርሽ መቀያየር ደስታ ይሆናል፣ እሁድ ጠዋት መንገዱ ባዶ ሲሆን ሱሉልታ ወርዶ መመለስ ከሆነ አላማህ እውነትም ያምራል። ለውድድር፣ ክብደት ላለው ክራንክ ሻፍት፣ ሁለት ካርቡራተር ለታሰረበት፣ 6,000 ዙር ለሚወጣ ሞተር እኔም ራሴ አሉሚኒየሙን ነው የምመርጠው። ወይም ቮልስ ውስጥ የሱባሩ ሞተር ለሚያስገባ፣ እሱ መቼም ለብቻው የተሰራ ፍላይዊል ያስፈልገዋልና እዛው ቀለል ያለውን ቢወስድ አልቃወምም። ጸሐፊው ግን ለማን እንደሚጽፍ አልለየም፣ ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ ቢሮ የሚገባውን ሰውና እሁድ እሁድ የሚጫወተውን ሰው አንድ ላይ ጨፍልቆ ነው የመከረው።

የኔው አሉሚኒየም አሁንም ጋራዥ መደርደሪያ ላይ ነው፣ 130 ጥርስ፣ 200 ሚሊ፣ መሃሉ ብረት፣ የዲስኩ ገጽ ትንሽ ሰማያዊ የመታው። ጸሐፊው ራሱ ከፈለገው መጥቶ ይውሰደው፣ ገጹን ያስቀይር፣ ዳያል ጌጁንም አውሰዋለሁ፣ ግን ሲገጥመው እኔ አጠገቡ ቆሜ ነው የሚለካው፣ ከዛ አብረን ቸርችልን እንወጣለን፣ መሪው ላይ እሱ፣ ከኋላችን ሚኒባስ።